ከጥቁር አሸዋ በመጨረሻ የሚወጣ

ቅዳሜ፣ ጥር 13 ቀን 2015 ዓ.ም.

የዘንድሮውን ሥራ ዛሬ ጀመርን። የወረደ ሰው 84። የወጣ ሰው 84። በዚህ ሥራ ሌላ ውጤት የለም። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ቀኑ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ የሺ ናት። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማታ ማታ ስለ በረሃው የምነግራት ነገር ስለበዛባት «ጻፈው፤ ወረቀት አይታክተውም» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ስለ መሬት ማውራት ልማዴ ነው።

ለመዝገብ ያህል ቦታውን ልግለጸው። ጥቁር አሸዋ ከወገዳ በመኪና አንድ ሰዓት ተሂዶ፣ ከአፋፉ ደግሞ በእግር ገደል ለገደል ተወርዶ የሚገኝ በረሃ ነው። ላይ ገብስ ይበቅላል፣ ሰው ጋቢ ይደርባል። ታች ድንጋዩ እጅ አያስነካም። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ጥቁሩ አሸዋ ይገለጣል፣ መዋኛ የሚሆኑ ሦስት ኩሬዎችም ይቀራሉ። ጥላ ያለው ዛፍ አንድ ሾላ ብቻ ነው። ይህን ለማየት ሰው ከእስቴም ከንፋስ መውጫም ይመጣል። ለምን እንደሚመጡ ጠይቄ የረባ መልስ አላገኘሁም። «ደስ ይላል» ይላሉ።

እኛ በጎ ፈቃደኞቹ ሰባት ነን። አረንጓዴ ሰደርያ አለን። ሊቀ መንበሩም ጸሐፊውም እኔ ነኝ። ሕጋችን አራት ነው፦ ከአራት ሰዓት በኋላ መውረድ የለም። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ዳገት መውጣት የለም። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ። ይዘህ የወረድከውን ይዘህ ውጣ። አምስተኛው ሕግ ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም፤ በመጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ።

ዛሬ ዳገቱን የወጣሁበት ጊዜ፦ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። አምና አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። ክረምቱ መንገዱን ክፉኛ አበላሽቶታል።

እሑድ፣ ጥር 14

112 ወረዱ። 112 ወጡ። ሃይላንድ ብቻ ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ለቀምን። አንድ ጫማም ተገኘ፣ የግራ። ባለቤቱ አልቀረበም። ያንን ዳገት በአንድ እግር ጫማ የወጣ ሰው ካለ ላገኘው እፈልጋለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ዘመኑ የሚባል ወጣት ስድሳ ሦስት ሰው በሁለት መኪና ጭኖ ከንፋስ መውጫ መጣ። ሥራው ይኸው ነው፤ በስልክ ሰው ይሰበስባል፣ ያዝናናል፣ ይመልሳል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ አራት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ሃምሳ ደቂቃ ምን አላት?» አለኝ።

«ሃምሳ ደቂቃ አላት» አልኩት።

«ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው የተነሳነው። መንገዱን ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሱ።»

ስድሳ ሦስቱም ከኋላው ቆመው ያዩኛል። አንዷ ሴት ልጇን አዝላለች። አንዱ ትልቅ ስፒከር ተሸክሟል፣ የላብ ጠብታ ከአሁኑ ከአገጩ ይወርዳል። «ይህን ሁሉ መንገድ መጥተን?» አሉ። አወረድኳቸው። ሕጉ «ከአራት ሰዓት በኋላ» ነው የሚለው፤ አራት ሰዓት ከሃምሳም ያው አራት ሰዓት ነው ብሎ የሚተረጉም ሊኖር ይችላል።

ስምንት ሰዓት ላይ አንዲት ልጅ ታች ራሷን ሳተች። ጌታነህ ከሾላው ሥር አስተኛት፣ ነጠላዋን አርሶ አንገቷ ላይ አደረገላት፣ የጨውና የስኳር ውሃ በማንኪያ አጠጣት። ጌታነህ የጤና መኮንን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ እኛን ያገለግላል። ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። የምድር ወገብ የት እንዳለ አያውቅም ነበር፤ የሰው ወገብ ግን ያውቃል። ልጅቷ አሥር ሰዓት ላይ ተነስታ በእግሯ ወጣች።

63 ወረዱ፣ 63 ወጡ። ስለዚህ ቀኑ ጥሩ ነበር።

ጥሩ አልነበረም።

ሰኞ፣ ጥር 22

አማረች ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ የድንጋይ መቀመጫ ሠርታለች። ቤቷ አፋፉ ላይ ነው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ራሷ ነው የምታርሰው። ለእኛ የምትሠራው ከእርሻው በተረፋት ጊዜ ነው፤ የተረፋት ጊዜ ከእኛ ሁሉ ይበልጣል። ለማን እንደሠራችው ጠየቅኋት።

«ለእንግዶች ነው፣ መምህር።»

መቀመጫውን ለጥንካሬው ሞከርኩት። ሩብ ሰዓት ያህል ሞከርኩት። ጠንካራ ነው።

እሑድ፣ ጥር 28

ኩሬው ዳር ስለ ሳሙና ንትርክ ነበር። ሦስት ጎልማሶች ልብሳቸውን ሊያጥቡ ተቀምጠዋል። ከኩሬው በታች ሰው ከብት እንደሚያጠጣ ነገርኳቸው። አንደኛው «ከብቱ ይነጻላ» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሳሙናውን ግን ኪሱ ከተተ።

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ የሚባሉ የሰባ አንድ ዓመት እናት ከእስቴ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጥተው ነበር። ሲወጡ ዳገቱ ላይ አለፉኝ። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ። ከኋላ የቀረሁት ሰው እንዳይቀር ለማየት እንደሆነ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም፤ ደርሰው ኖሯል።

ዳገቱ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ፈጀብኝ። ጫማዬ ሶሉ አልቋል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 4

አምስተኛው ጠመዝማዛ ላይም መቀመጫ ተሠራ። አማረች ሠርታ አትጠግብም።

ሾላው ሥር ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ ጌታነህና አማረች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ዛሬ ማን ነው ከኋላ የሚሄደው?»

«የእኔ ተራ ነው። ያለፈው እሑድ አንተ ነበርክ።»

ደስ አለኝ። ደካማ እንግዶችን ለመከታተል ሳላዛቸው ተራ ማውጣታቸው ነው። እንዲህ ያለ ቡድን በቀላሉ አይገኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ጌታነህ ቤት ድረስ መጥቶ የደም ግፊቴን ለካኝ። መሣሪያው ተሳስቷል። ደግሞ ለካ። ሁለተኛም ተሳሳተ። ሁለቴም የተሳሳተው በአንድ ዓይነት ቁጥር ነው።

የሺ «በሁለት ትራስ መተኛት ጀምረሃል» አለች። ጌታነህ ፊት መባል አልነበረበትም። አንድ ትራስ አንገቴን ያመኛል።

ሰኞ፣ የካቲት 13

ሁዳዴ ገባ። ጌታነህ በጾሙም ቢሆን በረሃ የሚወርድ ሰው ውሃ መጠጣት አለበት ይላል። ለእንግዶች እንዲህ ብዬ እነግራለሁ። እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፌ አይዞርም። ይህ በእኔና በፈጣሪ መካከል ያለ ነው።

እሑድ፣ የካቲት 19

ስብሰባ አደረግን። ጌታነህ ሐሳብ አቀረበ፦ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ በጎ ፈቃደኛ በረሃ ሳይወርድ አፋፉ ላይ እንግዳ እየመዘገበ ያገልግል። ከመካከላችን ከስድሳ በላይ የሆነ ማን እንዳለ ጠየቅሁ። አንዱ ሰማይ አየ። ሐሳቡ ቃለ ጉባዔው ውስጥ አልገባም። ጸሐፊው እኔ ነኝ።

ከስብሰባው በኋላ ጌታነህ ለብቻዬ አገኘኝ። «ጋሼ፣ ለምን እርስዎ ራስዎ መውረድ እንዳለብዎ አንድ ምክንያት ይንገሩኝ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ።»

«ሰው ከኋላ መቅረት የለበትም» አልኩት።

«እኛ አለን እኮ።»

«ያን ጊዜም ሰው ነበረ» አልኩት። እሱ ዝም ባይልም እኔ ዝም አልኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 23

እንቅልፍ የለም። ይህ ደብተር የእኔ ነው፣ የሺም አታነበውም። ስለዚህ የ2013ቱን ጉዳይ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያኔ በጎ ፈቃደኞች የሚባል ነገር አልነበረም። ገና ጡረታ ወጥቼ እንግዳ ሲመጣ መንገድ አሳይ ነበር። በሚያዝያ ከንፋስ መውጫ አሥራ አንድ ተማሪዎች መጡ። ታች ውለው ስድስት ሰዓት ላይ «መምህር፣ ፀሐዩ እስኪበርድ እንቆይ ወይስ እንውጣ?» ብለው ጠየቁኝ። «ውጡ፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው» አልኳቸው። እኔም ከፊት ፊት ወጣሁ። አፋፉ ላይ ስቆጥር አሥር ናቸው። ደግሜ ቆጠርኩ። አሥር ናቸው። ተመልሼ ስወርድ ልጁን አራተኛው ጠመዝማዛ ላይ፣ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። እንቅልፍ የወሰደው ይመስል ነበር። ሚካኤል ይባላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ውጡ ያልኩበት ምክንያት ነበረኝ። አሁን አይታወሰኝም።

ጽፌዋለሁ። አልወጣልኝም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 9

96 ወረዱ። 96 ወጡ። ዳገቱ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ትናንት ራሴ ጠርጌዋለሁ።

ዘመኑ ዛሬ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ደረሰ። ልጅቷ ራሷን ከሳተችበት ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ አርፍዶ አያውቅም። ስፒከሩንም ትቶታል። ሲሰናበተኝ እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት እናት ከእኛ ጋር ይመጣሉ። ልጃቸው እዚህ ነው የሞተው ይባላል። ቦታውን ማየት ይፈልጋሉ። ወይዘሮ ብርሃኔ ይባላሉ። የሚያሳያቸው ሰው ይኖር ይሆን?»

«ይኖራል» አልኩት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 12

የሺ በሽሮው ጨው በዛ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሽሮ መብላቴንም ልብ አላልኩም።

ዓርብ፣ መጋቢት 15

ምን እንደምላት አዘጋጅቻለሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። መስተዋት ፊት ሞከርኩት። ሁለተኛው ላይ ያቅተኛል።

እሑድ፣ መጋቢት 17

ወገዳ፣ ሕክምና ላይ ነኝ። እስክሪብቶው የነርሷ ነው። ትናንት 59 ወረዱ። 59 ወጡ። አንዱ በቃሬዛ። እኔ።

ሰኞ፣ መጋቢት 18

ዛሬ መቀመጥ ችያለሁ። እንደ ነበረ ልጻፈው።

ወይዘሮ ብርሃኔ ጥቁር ነጠላ አድርጋ መጣች። ከእኔ ትንሽ ታንሳለች፤ አረማመዷ ግን የጎልማሳ ነው። አፋፉ ላይ ሰሌዳችን ፊት ቆማ ሁሉንም አነበበች። ከሕጎቹ በታች «ተጠንቀቁ፤ በዚህ ዳገት ሰው ሞቷል» የሚል አለ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

«ይህ ሰው የተባለው የእኔ ልጅ ነው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እመቤቴ።»

ጌታነህ «እኔ ላውርዳቸው፣ ጋሼ» አለ። አይሆንም አልኩ። ስንወርድ አራተኛው ጠመዝማዛ ላይ ቦታውን አሳየኋት። እንደ መቃብር ጠባቂ እጄን ዘርግቼ «እዚህ ነው» አልኩ። ካዘጋጀሁት ንግግር አንደኛዋ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልመጣችም። ድንጋዩን በመዳፏ ነካችው። ጠዋት ስለሆነ ገና አልጋለም። ከዚያ እስከ ታች ወረድን።

ታች ኩሬዎቹን አሳየኋት፤ ስለ ዓለቱ አፈጣጠር ነገርኳት። ስለ ዓለቱ ብዙ ነገርኳት። ከሾላው ሥር የዘመኑ ሰዎች ጥላውን ሞልተው ተቀምጠዋል፣ አንዱም ከሕጉ ውጭ አልተንቀሳቀሰም። ሰባት ሰዓት ላይ ድንገት ብድግ አለች።

«ልውጣ» አለች። «እዚህ ተቀምጬ መዋል አልቻልኩም።»

ሰባት ሰዓት ነው። ማንም ሊወጣ አይችልም። ሕጉን የጻፍኩት በእሷ ልጅ ምክንያት ነው። «አይሆንም» ማለት ነበረብኝ፤ አንዲት ቃል ናት። ፊቷን አየሁና «እሺ» አልኩ።

በአንድ ቦታ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ፣ ሁለተኛ ጊዜ።

ውሃዬን ለእሷ ሰጠሁ። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ እሷ መንገደኛ ናት አልኩ ለራሴ። የደጋ ሴት ናት፣ ዳገት አያስፈራትም፤ «ይረፉ» እያልኩ እየጠራኋት እንኳ ትቀድመኛለች። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ መሬቱ እንደ ጀልባ ተነቃነቀ። ተቀመጥኩ። የመቀመጫውን ጥንካሬ አስቀድሜ ሞክሬዋለሁ፤ እላዩ ላይ ወደቅሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ አማረች ናት፤ ዛሬ ጠዋት አልጋዬ አጠገብ ቆማ፣ ሰደርያዋን ሳታወልቅ።

«ሃያ ክንድ ያህል ከኋላዎ ነበርኩ» አለች።

«ለምን ከኋላዬ?»

«ተራዬ ነዋ።»

«የምን ተራ?»

«መምህር፣ ከጥር ጀምሮ ተራ አለን። እርስዎን የመከተል ተራ።» እግሯን አየች። «መቀመጫዎቹም የእርስዎ ናቸው። እንግዳው ሳር ላይም ይቀመጣል።»

አመሰገንኳት። ባለፉት ሁለት ወራት ውስጥ ስንት ነገር እንደገባኝ ባሰብኩ ቁጥር የገባኝ እንደሌለ ይገባኛል።

አማረች ፊሽካዋን ስትነፋ ዘመኑና ስምንት ሰዎቹ ከሾላው ሥር ተነስተው በዚያ ሐሩር ሮጠው መጡ። ሁለት እንጨትና ሁለት ጋቢ አገናኝተው ቃሬዛ ሠሩ። በየሃምሳ እርምጃው ትከሻ ይቀያየራሉ። ጌታነህ ከጎን እየሄደ አፌን ያረጥባል። ሕጉን አክብረው ተቀምጠው ነበር፣ ሕጉን ጥሰው አወጡኝ። አንደኛው ሳሙናውን ኪሱ የከተተው ሰውዬ ነበር አሉ። አላወቅሁትም፤ እሱ ግን አውቆኛል፣ እስከ መኪናው ድረስ አልተቀየረም።

ወይዘሮ ብርሃኔስ? ጭንቅላቴን በነጠላዋ ከፀሐይ ከልላ ወጥታለች። ጥቁሯ ነጠላ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ ናት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 19

መጣች። ወገዳ ዘመድ አላት፤ እዚያ ነው ያደረችው። የሺ ወንበር አቀረበችላትና ወጣች። የሺ መቼ መውጣት እንዳለባት ታውቃለች።

ነጠላዋን ለመውሰድ የመጣች መስሎኝ አጣጥፌ ያዝኩላት። ተቀብላ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። አልተነሳችም።

«ወይዘሮ ብርሃኔ» አልኩ፣ «ሚካኤልን በዚያ ፀሐይ ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ጓደኞቹ። በሦስተኛው ቀን፣ ገና ለቅሶው ሳይነሳ።»

«ታዲያ ቅዳሜ ሙሉ ቀን አብረን ስንውል ለምን ዝም አሉኝ?»

«ሲናገሩ ልሰማዎት ብዬ ነዋ፣ መምህር። ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ እመጣለሁ? እርስዎን ለማየት ነው የመጣሁት። እርስዎ ስለ ዓለት ያወራሉ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። እንደ ተማሪ ተነስቼ ልቆም ስል እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«አያስቸኩሉኝ» አለች። «እየሞከርኩ ነው። ሁለት ዓመት ሞክሬያለሁ። ሲወድቁ አይቼ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ከዚህ የበለጠ ዛሬ የለኝም።»

«ይበቃኛል።»

«እርስዎን ይብቃዎት አይብቃዎት አላውቅም።» ነጠላዋን ገለጠች፣ መልሳ አጠፈች። «ያ ሰሌዳ ግን፣ መምህር። ሰው ሞቷል ይላል። ስም አለው እኮ። ረጅም ነበር፣ ከበሩ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ስለ ረዘመ በረኛ ያደርጉታል እንጂ ኳስ አያውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ዘጠኝ ጎል ገብቶበት እየሳቀ መጣ። ይህን ያወቀ ሰው ሌላ ነው፣ ሰው ሞቷል የሚል ያነበበ ሌላ ነው።»

ከሄደች በኋላ የሺ ገባች። ምን እንዳለችኝ አልጠየቀችም። ሁለተኛውን ትራስ አስተካከለችልኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 23

ልቤ ደካማ ነው አሉ። መሣሪያው አልተሳሳተም ነበር። መድኃኒት ጠዋትና ማታ። በረሃ መውረድ ፈጽሞ የለም። ጌታነህ ይህን ሲነግረኝ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው። «ውጤቴ ስንት ነው?» አልኩት። «ወድቀዋል ጋሼ» አለ፤ ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። እሱ ቶሎ አቆመ።

እሑድ፣ መጋቢት 24

ቡድኑ እቤቴ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ አፋፉ ላይ እንዲመደብ ተወሰነ። ጸሐፊነቱ ለአማረች ተሰጠ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው፤ ጽሕፈቷ ግን ከእኔ ይሻላል። «ስድስት ድጋፍ፣ አንድ ተቃውሞ» ብላ ጻፈች። የተቃዋሚውን ስምም ጻፈች። እንዲህ ያለ ጸሐፊ አስቸጋሪ ነው።

ዛሬ በመጨረሻ የወጣችው እሷ ናት። ስንት ሰዓት እንደፈጀባት አልጠየቅሁም። አንድ ሰዓት ከአሥር ነው፤ ሰዎች ነገሩኝ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 1

ሆሳዕና። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘንባባውን ግንባሬ ላይ እንዳሰርኩ አፋፉ ሄድኩ። የመጀመሪያ ቀኔ ነው። ወንበር፣ መዝገብ፣ ጃንጥላ። ከላይ ሲታይ ሰው ጉንዳን ያህላል። ከፊሽካ በቀር የምሰማው የለም። ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር ተነስቼ ቆምኩ። አንዱ እረኛ ሆኖ ተገኘ፤ ውሻውን ነው የሚጠራው።

ሰሌዳው ላይ የሚካኤልን ስም ልጽፍ ቀለም ገዛሁ። ከጻፍኩት በኋላ ሰው ቆሞ አነበበውና አለፈ። ማንበብ ብቻውን አልበቃም። ሌላ ነገር ሳያስፈልግ አልቀረም፤ ምን እንደሆነ ግን እያወቅሁ ማወቅ አልፈለግሁም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 9

ፋሲካ በሰላም አለፈ። ዶሮውን ያለ ጨው በላሁ። የሺ እየሳቀች «አልሳቅሁም» ትላለች።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 14

ዛሬን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ዘመኑ አርባ አንድ ሰው ይዞ መጣ። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶበት፣ ሌላ እስኪያመጡ ቆይተው፣ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ዘመኑ ከመኪናው ሲወርድ ከሩቅ አየሁት፤ የሚጠይቀኝን ራሱ አልወደደውም።

«ጋሼ፣ ጎማ ነው።»

«አይቻለሁ።»

«የፋሲካ ሳምንት ነው። ስድስት ወር የጠበቁ አሉ። እኔ አብሬ እወርዳለሁ፣ ውሃም አለን። እርስዎ ካሉ ይወርዳሉ፣ ካላሉም…» ቀሪውን አልጨረሰውም።

አርባ አንዱም ከበቡኝ። አዲስ ልብስ ለብሰዋል። አንዱ «ሽማግሌው ማን ሆኖ ነው የሚከለክለን?» ሲል ሰማሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከወንበሬ ተነሳሁ።

«አይሆንም» አልኩ።

ጫጫታ ተነሳ። እስኪበርድ ጠበቅሁ። ከዚያ ነገርኳቸው። በሚያዝያ 2013 ሚካኤል የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እዚህ መጥቶ ነበር አልኩ። ረጅም ነበር፣ በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። በረኛ ነበር፣ ኳስ ግን አያውቅም፤ ዘጠኝ ጎል ገብቶበት እየሳቀ ቤቱ ገብቷል። እናቱ ብርሃኔ ትባላለች። በዚህ ሰዓት ዳገቱ ላይ ሞተ። እኔ ነበርኩ ውጡ ያልኳቸው። ሳይጠይቁኝ ቀርተው አይደለም፤ ጠይቀውኛል። እንቆይ ወይ ብለውኛል። ውጡ አልኩ።

ከፊት የቆመች አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ፣ የእናቷን ቀሚስ ይዛ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች «ለምን ውጡ አልካቸው?» አለችኝ።

እናቷ ዝም ልታሰኛት ጎተተቻት። ተያት አልኩ።

ሁለት ዓመት «አይታወሰኝም» ያልኩት ነገር ነው። በደንብ ይታወሰኛል። ሹፌሩ ከአፋፉ ሆኖ በስልክ «ሰባት ሰዓት ላይ ጥያችሁ እሄዳለሁ» አለኝ። ወገዳ ድረስ በእግር መሄድ አልፈለግሁም።

«ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ» አልኳት።

ልጅቷ አሰበችበት። «አመለጠህ?»

«አላመለጠኝም። ቆሞ ጠበቀን።»

ከዚያ ወዲያ የተከራከረ የለም። ከአፋፉ ሆነው ቁልቁል አዩ። አማረች ታች ካለው ኩሬ ዳር ሰደርያዋን አውልቃ አውለበለበችላቸው፤ ያችን ጉንዳን የምታህል አረንጓዴ ነገር እያሳዩ ፎቶ ተነሱ። የያዙትን በሉ፣ ቆሻሻቸውን ለቀሙ። ሽማግሌው ማን ነው ያለው ሰውዬ ሲሄድ ጨብጦኛል፣ ዓይኔን ግን አላየኝም። ደስተኞች አልነበሩም።

ማምሻውን ሁለት ስልክ ደወልኩ። የመጀመሪያው ለወይዘሮ ብርሃኔ ነው። ለማላውቃት ልጅ የነገርኩትን ለእሷ አልነገርኳትም ነበርና ስለ ሚኒባሱ ነገርኳት። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «ዛሬስ ስንት ሰው መለሱ?»

«አርባ አንድ።»

«እሺ» አለችና ዘጋችው።

ሁለተኛውን ለዘመኑ ደወልኩ። ንፋስ መውጫ ገና መግባቱ ነው።

«ሁሉም ገቡ?» አልኩት።

«ገብተዋል ጋሼ። ተቆጥተው ነው የገቡት እንጂ አርባ አንዱም ቤታቸው ገብተዋል።»